ዘበኛው የመለሰው ልጅ

"አንድ ሰዓት ይበቃል..." አሉ እማማ ለተማርያም።



2001 ዓ.ም. ነው... ጅጅጋ። ልጄን ሩቲን በኦፕራሲዮን ወልጄ ሆስፒታል፣ የሴቶች ኦፕራሲዮን ክፍል ተኝቻለሁ።

ሲስተር ኢክራን የመጠየቂያ ሰዓት ቀኑን ሙሉ ይሁን ወይስ እንደ በፊቱ ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ብላ በየአልጋው እየዞረች ትጠይቃለች።

ከስድስታችን ታካሚዎች "ቀኑን ሙሉ" ያላሉት እማማ ብቻ ናቸው።

ፊት ለፊታችን ሆዶ የምትባል ከቱሊ ጉሌድ ወረዳ የመጣች ነጋዴ አለች። የእሷ ጠያቂ አያልቅም... አክስት፣ የአክስት ልጅ፣ ጎረቤት... አንዱ ሳይወጣ ሌላው የግመል ወተት በጀሪካን ይዞ ይገባል። ለእኛም ይቀዳልናል።

"ሴትዮዋ ሰው አይወዱም እንዴ?" አለች ሆዶ።

እኔም ታዘብኳቸው።

ምክንያቱም ልጃቸው ኃይለልዑል እዚያው ከተማ ነው የሚሠራው። አሥር ሰዓት ሲሆን ነጩን ነጠላ ለብሰው በሩን ያያሉ። አሥራ አንድ ሲሞላ አጥፈው ትራስ ሥር ያደርጉትና... ዛሬም ዘበኛው መልሶት ይሆናል ይላሉ። እኛም አብረን ዘበኛውን እናማለን።

ሲስተር ስትወጣ ጠጋ ብዬ ምነው አልኳቸው።

"ሰዓት ካለ ዘበኛው ከለከለው እላለሁ፣ ልጄ። ቀኑን ሙሉ ክፍት ከሆነ ግን... ምን ልበል?"

ሆዶ የተኛች መስሎን ነበር...

በማግስቱ ሲስተር የመጨረሻ ውሳኔያችንን ልትሰማ ስትመለስ ቀድማ የተናገረችው ሆዶ ናት።

"አንድ ሰዓት ይበቃል። ጠያቂ በዛብኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ።"

እኔም ይበቃል አልኩ። ሌሎቹ እያጉረመረሙ ተስማሙ።

የዚያን ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እማማ ነጠላቸውን ሲያጥፉ ዘበኛው አብሽር ገባ።

"እማማ... ልጅዎ መጥቶ ነበር። ሰዓት አልፎበት መለስኩት። ይቅር ይበሉኝ።"

እማማ ቀና ብለው አዩት።

"ከስቷል?"

አብሽር ዞሮ ሆዶን አያት። ሆዶ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለካ ጠዋት አስጠርታ በሶማልኛ ስታንሾካሹክለት የነበረው ይህን ኖሯል...

"ደህና ነው... ደህና ነው" አለ።

እማማ ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

"እንግዲህ የመለስከው አንተ ከሆንክ... ነገ በሱ ፋንታ አንተው ና።"

መጣ። እማማ ከሆስፒታል እስኪወጡ ድረስ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ኮፍያውን አውልቆ አልጋቸው አጠገብ ይቆም ነበር።

ሩቲ ዛሬ ትልቅ ልጅ ሆናለች። እኔ ግን ያ ክፍል አሁንም ይናፍቀኛል...

ሰው "አይሆንም" ሲላችሁ ክፉ ነው ከማለታችሁ በፊት፣ ምኑን እየሸፈነ እንደሆነ እዩለት።

እናንተስ... ማንም ዘበኛ ሳይመልሳችሁ ሳትጠይቁት የቀራችሁት ሰው ማን ነው?