አርፏል

ምንተስኖት አውራ ጣቷን ይዞ ከቀለሙ ላይ ተጫነው። ጣቷ እስከ ጥፍሯ ሥር ሰማያዊ ሆነ።

«ልቀቀኝ! በግ ነኝ እንዴ ቀለም የምትቀባኝ?» ላቀች እጇን መነጨቀችው።

«እናቴ፣ ወረቀቱ ላይ ብቻ ያሳርፉልኝ። ማሽኑ ቆሞ እየጠበቀ ነው።»

ማሽኑስ ቆሟል። ከመካነ ኢየሱስ በኩል አቧራውን እያስነሣ የመጣው መኪና፣ እንደ ደወል ቤት የረዘመ መሰርሰሪያ በጀርባው ተሸክሞ የማሳዋን ድንበር ረግጧል። ከሥሩ የድንጋይ ከሰል አለ ተብሏል። ባለሀብት መጥቷል፤ ፋብሪካ ይሠራበታል፣ አገር መብራት ያገኝበታል። ላቀች ከአፈሩ ሥር ምን እንዳለ የጠየቀችው ሰው የለም። ከአፈሩ ላይ ምን እንደሚበቅል ታውቃለች፤ ገብስ።

«እስቲ ደግመህ አንብብልኝ። ፊደል የቆጠርኸው አንተ ነህ።»

ምንተስኖት የወረዳው የመሬት ባለሙያ ነው፤ ከኮሌጅ ከወጣ ገና ዓመቱ ነው። ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ። «‹ባለይዞታው ልጄ ጥጋቡ ስላረፈ፣ እኔ እናቱ ወራሽ ሆኜ ምትክ መሬት ይሰጠኝ።› ለእርስዎ የሚጠቅም ነው፣ እናቴ።»

«ማን ነው አርፏል ያለህ?»

«እርስዎ ነዎት።»

እውነቱን ነው፤ እሷ ነች። በኅዳር ያችን ሰፊ ስልኩን ታቅፎ መጥቶ፣ ከዚሁ ድንበር ላይ ቆሞ ነበር። «የጥጋቡ ነው?» አላት። «የጥጋቡ ነው» አለችው። «ምነው ታዲያ ዘንድሮ?» አለ፣ የጎረቤቱ ማሳ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ሲወዛወዝ የእሷ ባዶውን ተኝቶ ቢያየው። «አርፏል» አለችው። መሬቱን ማለቷ ነው። መሬት እንደ ሰው ይደክመዋል፤ ሲደክመው ያሳርፉታል። ልጁ ግን አስፋልት ላይ ያደገ ነውና አንገቱን ደፋ፣ ከንፈሩን መጠጠ፣ ጻፈ። ላቀችም ለመሬቱ ያዘነ መስሏት፣ ጨዋ ልጅ ብላ መርቃ ሸኘችው።

«ጥጋቡ መተማ ነው» አለች አሁን። «ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ነው። ይመጣል።»

«መቼ ነው የወረደው?»

ሦስተኛ ዓመቱ ነው። አብረውት የወረዱት በዚያው ዓመት ተመልሰዋል። አንደኛው የጥጋቡን ጋቢ ይዞላት መጣ፤ ዓይን ዓይኗን ግን አላያትም። «በረሃ ጋቢ ምን ያደርግለታል፣ ረስቶት ነው» ብላ አጥባ ሰቀለችው።

«በሕይወት ካለ በአካል ይቅረብ፤ ያውም ዛሬ። ዝርዝሩ ዛሬ ወገዳ፣ ወረዳው ቢሮ ይገባል። ከዚያ ወዲያ መሬቱም የለ፣ ምትኩም የለ። ሲስተሙ ላይ ሟች ተብሎ ገብቷል፤ እኔ ማውጣት አልችልም።»

«ከመቃብር አውጣው አላልሁህም፤ ከስልክህ ነው! ያስገባኸው አንተ፣ አንተው አውጣው!»

«ኢንቨስትመንት ነው እናቴ፣ በእኔ እጅ አይደለም።»

«እንቢስ… ምን አልኸው? ስሙ ራሱ እኮ እንቢ ይላል።»

ከማሽኑ ጥላ ሥር የተቀመጡት ሠራተኞች ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ሌላ ማሳ የላትም፤ የጎተራዋን ወለል ትናንት በእጇ ዳብሳዋለች።

የነፍስ አባቷ ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ ለምስክርነት ተጠርተው ከድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ቀረብ አሉና በክርስትና ስሟ ጠሯት።

«ወለተ ሥላሴ፣ ራብ ይገድልሻል። ለእሱም ቢሆን… ፍትሐት ሳይደርሰው ሦስት ዓመት! ነፍሱን ይዘሽ አታስጨንቂያት፣ ልጄ።»

ከሁሉ ይህ ወጋት። እኒህን ሰው ሲዋሹ ሰምታቸው አታውቅም። ወረቀቱን አየችው፤ እንደ መግነዝ ነጭ ነው። ጣቷ ወረደ፣ ወረደ። በጣቷና በወረቀቱ መካከል የቀረው አንዲት የገብስ ፍሬ የምታህል ነው።

«እዚህች ጋ» አላት ምንተስኖት በለሆሳስ፤ «ያሳርፉ።»

እጇ ቆመ።

«አሁንም ማሳረፍ! ማሳዬን ባሳርፍ ልጄን አሳረፍኸው፤ ደግሞ ጣቴን አሳርፌ ላጽድቅልህ? የደከመ መሬት አላስረክበውም ብዬ ነው ያሳረፍሁት! ሲመጣ እንዲያርሰው!»

ፊቷን አዙራ ሄደች። የተከተላት የለም፤ ከቤቷ ገብታ የምታለቅስ መስሏቸዋል። እሷ ግን ከአጥሩ ሥር ዶማ አንሥታ ተመለሰች፤ ከማሽኑ ፊት፣ ከማሳው መካከል ገባች።

የመጀመሪያው ምት ነጠረ። የሚያዝያ አፈር ነው፤ እንደ ሸክላ ደርቋል። ሁለተኛው ጫረው። ሦስተኛው አንዲት ጓል ገለበጠ፤ ሆዷ ጥቁር ነበር።

«ወለተ ሥላሴ!» አሉ ቄሱ።

«ይኸው!» አለች እያለከለከች፣ ወደ ማንም ሳትዞር። «ይኸው ተነሣ! አላረፈም። ምን ትገተራለህ አንተ? አላረፈም ብለህ ጻፍ!»

ምንተስኖት እስክሪብቶውን ከፈተ። መልሶ ከደነው። ሰዓቱን አየና ለሾፌሩ በእጁ ምልክት ሰጠ። ማሽኑ አጓራ፤ ምድሩ ከእግሯ ሥር ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ላቀች ዶማውን ደግማ አነሣች። ከእጀታው ላይ፣ አውራ ጣቷ ከነበረበት፣ ሰማያዊው አሻራ አርፏል።