ኩፍኝ የገባበት ግቢ

ሐኪሙ የደሙን ውጤት አንብቦ ሲጨርስ ፈገግ አላለም። አልፊያ ዓይኗን ከፊቱ አልነቀለችም። ፈረንጁ ሐኪም በራሱ ቋንቋ ለሲስተር አጸደ ረዘም ያለ ነገር ይነግራታል፤ አጸደም እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ ራሷን ትነቀንቃለች። ከዚያ ሁሉ ንግግር አልፊያ አንድም ቃል አልገባትም።

"ምን አለ፣ እታለም?" አለቻት ፋሪዳ በጆሮዋ። ፋሪዳ የባሏ ታናሽ ወንድም የዩሱፍ ሚስት ናት፤ በቅርቡ ነው ያገባችው። ኮልፌ አንድ ግቢ ውስጥ ይኖራሉ። ዛሬ "ብቻሽን አትሄጂም" ብላ አጅባት መጥታለች።

"ዝም በይ እስቲ።"

ነገሩን ያመጣው ልጇ ከሊፋ ነው። ባለፈው ወር ፊቱና ደረቱ ሽፍ ብሎበት፣ ከጆሮው ኋላ አብጦ ነበር። ኩፍኝ ነው ብለው ጨለም ያለ ክፍል አስተኙት፤ ብዙም ሳይቆይ ተነስቶ ዶሮ ማባረር ጀመረ። አልፊያ ለእርግዝናዋ ስትመረመር ይህንኑ እንደ ዋዛ ብታነሳ፣ ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ልጆችን የማይጎዳው ይህ የኩፍኝ ዓይነት ነፍሰ ጡር ከያዘ፣ የጽንሱን ዓይንና ጆሮ ሊያጠፋ እንደሚችል ነገሯት። ደሟ ተቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ ተላከ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ተቀዳ።

ከዚያ ወዲህ አልፊያ እንቅልፍ የላትም። ገበያ ውስጥ ዓይነ ስውር ሰው ሲመሩ ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች፤ በማዞሯም ደንግጣ አላህን ይቅርታ ትለምናለች። ባሏ አብደላ "እሱ ያውቃል" ከማለት ሌላ ቃል የለውም።

አጸደ ዞረች። "ልጅ ሆነሽ ኩፍኝ ይዞሽ ያውቃል?"

"እኔ እንጃ፣ ሲስተር። የምታውቀው እናቴ ነበረች፤ እሷም የለች።"

"ይዞሻል። ደምሽ በሽታውን ከድሮ ያውቀዋል። የመጀመሪያውም የሁለተኛውም ውጤት አንድ ነው፤ አሁን አልያዘሽም። ልጅሽንም አልነካውም።"

አልፊያ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ለቅሶ ቀደማት። "አልሐምዱሊላህ!" እያለች የአጸደን እጅ ስባ ሳመች።

"ኧረ ተይ እንጂ!" አጸደ ሳቀች። ሐኪሙም አሁን ፈገግ አለ።

"ሰማሽ፣ ፋሪዳ? ሰማሽልኝ?"

ፋሪዳ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቆማለች። ከንፈሯ ደርቋል።

"ሲስተር፣ ልጅ ሆና ያልያዛትስ?"

"ያልያዛት ማን?"

"ልጁን ያዘለችው።"

አልፊያ እንባዋን መጥረጉን ተወች። ከሊፋ ሲታመም እሷ ራሷን የእርግዝናው ማስመለስ ጠንቶባት ነበር። ቀኑን ሙሉ አዝላው የዋለችው፣ ትኩሳቱን በእርጥብ ጨርቅ ስታበርድለት የከረመችው ፋሪዳ ነበረች።

"ስንት ወርሽ ነው?" አለች አጸደ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"የወር አበባ ካየሁ ሁለት ወር አለፈኝ። ለዩሱፍም ገና አልነገርኩት።" ወደ አልፊያ ዞረች። "በአንቺ ጭንቅ ላይ የኔን ልጨምር፣ እታለም? መጀመሪያ ያንቺን ልስማ ብዬ ነው።"

በነዚያ ሳምንታት አልፊያ ባለቀሰች ቁጥር ራሷን ደረቷ ላይ አስደግፋ "ምንም አይሆንም" ስትላት የነበረችው ፋሪዳ ናት።

አጸደ ነገሩን ለሐኪሙ አስረዳችው። ሐኪሙ ለፋሪዳ ወንበር ሳበላት። አጸደም መርፌዋን አዘጋጀች።

ፋሪዳ ተቀምጣ ክንዷን ዘረጋች። አልፊያ አጠገቧ ተንበርክካ፣ መርፌውን እንዳታይ ፊቷን በመዳፏ ከለለችላት። የፋሪዳ ሽፋሽፍት መዳፏ ውስጥ ሲርገበገብ ይሰማት ነበር።