ዝቅ ያለው መደርደሪያ

ሕጉ ከወጣ ወዲህ፣ ቡድኖች እንዲመጣጠኑ ተብሎ፣ የቅርጫት ኳስ ኮከብ የተባለ ሁሉ በተሸለመ ቁጥር ከቁመቱ አራት ጣት ይቀነስበታል። ትርሲት ሁለቴ ተሸልማለች። ነገ ደግሞ የዋንጫ ጨዋታ አለባት።

«ጥቂት ሳቺና ኮከብነቱን ለሌላ ይስጡት» አለቻት እናቷ አልጋነሽ።

«እኔ ከሳትኩ ዋንጫውን ማን ያመጣዋል፣ እማዬ?»

«የፈለገ ያምጣው! እኔ ዘንካታ የወለድኩት እንደ ቀሚስ እንዲያሳጥሩብኝ ነው?»

ትርሲት ስቃ ከላይኛው መደርደሪያ ድፎ ዳቦውን አወረደች። «ይኸው፣ እንደ ድሮው ደረስኩ! ምኔ ጎደለ? ነገ አንድም አልስት።»

አልጋነሽ ክው አለች። ልጄ እንዳይከፋት ብላ፣ ትርሲት ልምምድ ላይ ሳለች መደርደሪያውን ነቅላ ዝቅ አድርጋ የመታችው ራሷ ናት።

«ዞር በይ» አለችና መዶሻዋን አንስታ ወደ ድሮ ቦታው ትመልሰው ጀመር።