አሰልጣኝ ፀሐዬ በረኛ ቀየረ

አርብ ከልምምድ በኋላ አሰልጣኝ ፀሐዬ ለእሁዱ ፍጻሜ የሚሰለፉትን ልጆች ስም ጠራ። በረኛው እንደ ወትሮው ባሮክ አልነበረም፤ ተጠባባቂው አምላኩ ነበር።

ልምምዱን ሊያዩ የመጡት ደጋፊዎች አጉረመረሙ። የሳንሱሲ ሰፈር ሰው ባሮክን የሚወደው እንደ ገዛ ልጁ ነው። ፀሐዬም ይወደዋል። ባሮክ ትከሻውን ከተጎዳ ወዲህ ግን ከፍ ብሎ የሚመጣ ኳስ ሲያይ ወደኋላ ይላል። ይህን በሰው ፊት መናገር ልጁን ማዋረድ ስለመሰለው ፀሐዬ ምክንያቱን ዋጠው። ጉዱን ያመጣበት ይኸው ዝምታው ነው።

«ተገዝተሃል!» አለ አንዱ ደጋፊ። ድንጋይም ተወረወረ።

የባሮክ አባት አቶ ቱሉ አልጮኹም። ግንበኛ ናቸው፤ እጃቸው አካፋ ያህላል። ቀስ ብለው መጥተው ፊቱ ቆሙ።

«ቤትህን አውቀዋለሁ» አሉት። «እመጣለሁ።»

ፀሐዬ ደፋር ሰው አይደለም፤ ሆኖም አያውቅም። ያን ዕለት ማታ ሆሳዕና ላሉት እናቱ ደውሎ ሁሉን ነገራቸው። «ልክ የመሰለህን አድርግ፣ እኔ እጸልያለሁ» አሉት። ልቡ ጥቂት ረጋ።

ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ልምምድ ሊወጣ ሲል ምክትሉ ግሩም በር ላይ ጠበቀው።

«ዛሬ ይቅርብህ ኮች። ልጆቹን እኔ አሠራቸዋለሁ። ከሰፈር አትራቅ።»

«ምን ሰማህ?»

«ምንም» አለ ግሩም፤ ዓይኑን ግን ወደ መንገዱ ቦይ አዞረ።

ፀሐዬ ዳቦ ሊገዛ ወረደ። ባለሱቋ ትርንጎ ሌላ ጊዜ ስለ ጨዋታ ሳትጠይቀው የብሩን መልስ አትሰጠውም። ዛሬ ዳቦውን አቀብላው ቶሎ ወደ ጓዳ ገባች። ሱቁ ደጃፍ ክብ ሠርተው ያወሩ የነበሩ ሰዎችም ሲያዩት አፋቸውን ዘጉ። ባሮክ መካከላቸው ነበር። ፀሐዬ ዳቦውን ደረቱ ላይ ለጥፎ ወደ ቤቱ ሮጠ ማለት ይቻላል።

ስልኩን አስቀምጦት የሄደበት ቦታ አጣው።

«እኔ ጋ ነው» አለች ሚስቱ ሉሲ። ዓይኗ ቀልቷል። «ዛሬ ማንንም እንድታናግር አልፈልግም።»

«ለፖሊስ እንኳ እንደውል?»

«ፖሊስ ምን ያደርጋል?» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

የነገሩ ክብደት ያኔ ገባው። «አይዞሽ፣ እኔ አለሁ» አላት።

እሁድ ጎህ ሲቀድ የብዙ ሰው ኮቴ ቀሰቀሰው። በመጋረጃው ጠርዝ አጮለቀ። አቶ ቱሉ ጋቢ ደርበው ከፊት ቆመዋል። ከኋላቸው ባሮክ አለ፣ የሜዳው ደጋፊዎች አሉ። ግሩምም አብሯቸው ነው። ግሩም! አንድም የሚጮህ የለም፤ ፀሐዬን ይበልጥ ያስፈራው ይህ ነው። ተቆጥቶ የሚሳደብ ሰው ይሻላል።

«ሉሲ፣ እንዳትከፍቺ!»

ሉሲ ቀድማ ለብሳ ነበር። ሄዳ በሩን ከፈተችላቸው።

ሰዎቹ አንድ በአንድ ገብተው ከበቡት። ፀሐዬ ወደ ጓዳ ሊያመልጥ ሲል ባሮክ ከኋላው ደርሶ በሁለት ክንዱ ደረቱን ጠፍሮ ያዘው። ግሩም አንድ እጁን ጨበጠ። መላወስ አቃተው።

«ባሮክ፣ በጌታ! ዛሬ የምትሰለፈው አንተ ነህ! አምላኩን አስወጣዋለሁ፣ ተሳስቻለሁ!»

የባሮክ ክንድ ይብሱን ጠበቀ። አቶ ቱሉ ተጠጉና ያን ሰፊ እጃቸውን አነሡ፤ ፀሐዬ ዓይኑን ጨፈነ። እጃቸው ትከሻው ላይ ቀስ ብሎ አረፈ።

«ፀሐዬ ልጄ፣ ጠንከር በል» አሉ አቶ ቱሉ። «እናትህ ትናንት ወደ ጌታ ሄደዋል።»