የወለላ ጉርሻ

ሰው በሐሳብ ብቻ መነጋገር ከጀመረ ወዲህ ሰፈሩ ጭጭ ብሏል፤ የሚንጫጫው የእኔ ቤት ብቻ ነው። በአደራ ተቀብለናት ከቤተሰቤ ጋር የምትኖረው ወለላ አርባ ዓመቷ ነው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ስላለባት የሐሳብ መነጋገሪያው አልሆነላትም። ለእሷ ብለን ሁላችንም በአፋችን እናወራለን።

እሑድ ምሳ ላይ ወንድሟ ምንተስኖት ሊጠይቃት መጣ። ዝም ብሎ ጠቀለለና ጉርሻ ዘረጋላት። እሷ አፏን ገጥማ ጠበቀችው።

«በሞቴ ካላልካት አትጎርስም» አልኩት።

ጉሮሮውን ጠራረገ። ከስንት ሙከራ በኋላ በጎርናና ድምፅ «በሞቴ» አላት።

ወለላ ጎረሰችና ሳቀች። «ድምፅህ ቁርጥ አባዬን!»

ምንተስኖት የሟች አባቱን ድምፅ ከረሳው ቆይቷል። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብሎ ደገማት። እሷ ጠግባ እጁን ብትመልስም፣ እሱ «በሞቴ» ማለቱን አልተወም።