የጠበሉ ዕለት

ትንሿን ነጭ ውሻዋን ወስዳ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ የጣለቻት፣ የንስሐ አባቷ መምሬ ጥበቡ ቤቷን ጠበል ሊረጩ በመጡበት ዕለት ጠዋት ነው። ውሻ ቤት ውስጥ ሳሳድር ቢያዩ ምን ይሉኛል ብላ። ጠበሉ ሲረጭ የውሻዋ ጩኸት የተሰማት መስሏት ነበር። ጸጸቴ ነው ብላ ጮክ አድርጋ «አሜን» አለች።

ለልጇ «ጠፋች» አለቻት። ልጅቷ እህል አልቀምስ ስትል ጨነቃትና ሰናይት ዘንድ ደወለች። ሰናይት የተጣሉ ትናንሽ ውሾችን በየሰው ቤት አስጠግታ አሳዳጊ ታፈላልግላቸዋለች።

«ከዚህ በፊት ውሻ ነበረሽ?» አለቻት ሰናይት፣ አንዷን ሊያዩ ሲሄዱ።

«ኧረ አልነበረኝም።»

«ይሻላል። የዘንድሮ ሰው አሳድጎ ጣይ ሆኗል።»

ሰናይት አንድ የቆርቆሮ በር አንኳኳች። የከፈቱት መምሬ ጥበቡ ነበሩ። ከጋቢያቸው ውስጥ ነጭ ራስ ብቅ አለ፤ ውሻዋ ዘላ ወረደችና የሴትየዋን እግር ትልስ ጀመር።

«ወደደችሽ!» አለች ሰናይት።

መምሬ አንገታቸውን ደፉ። «አንቺው ከመጣሽማ ልናገር፣ ልጄ። ያን ዕለት ወደ ቤትሽ ስመጣ መንገድ ዳር ስትንቀጠቀጥ አገኘኋት። ቄሱ ውሻ አቅፈው መጡ እንዳትይኝ አፈርኩና፣ ጠበሉን ረጭቼ እስክወጣ አጥርሽ ሥር በዘንቢል ደበቅኳት። ስትጮህ አልሰማሻትም?»