የወይዘሮ ገበያነሽ ምርመራ

ወይዘሮ ገበያነሽ ሐኪም አይደሉም። ነገር ግን አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ፊት ለፊት ስድስት ዓመት ሻይ ሸጠዋል፤ አስኮ በሚኖሩበት ግቢ ውስጥ ደግሞ ከዚህ የበለጠ የሕክምና ዕውቀት ያለው ሰው የለም። ስለዚህ የጎረቤታቸው የሃፊዛ ልጅ ሰልሳቢል የዓይን ካንሰር ይዟታል ተብሎ ወደ ሕንድ ስትሄድ፣ ነገሩን የማጣራት ኃላፊነት እሳቸው ላይ ወደቀ።

ማንም አልሰጣቸውም። ራሳቸው ወሰዱት።

እናትና ልጅ ከአራት ወር በኋላ ተመለሱ። የሦስት ዓመቷ ሰልሳቢል ወፍራለች፣ ትሮጣለች፣ ፀጉሯም ትከሻዋ ላይ ደርሷል። ወይዘሮ ገበያነሽ ፀጉሩን ሲያዩ የመጀመሪያውን ማስረጃ አገኙ።

«የካንሰር መድኃኒት የወሰደ ሰው እኮ ጭንቅላቱ እንቁላል ነው የሚመስለው» አሉ፣ ለጎረቤታቸው ለወርቅአፈራሁ። «ይቺ ልጅ ሹሩባ ልትሠራ ነው!»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ሕንድ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ሽርሽር።»

ቅዳሜ ከሰዓት የግቢው ሴቶች እንኳን በሰላም መጣሽ ሊሉ ሃፊዛ ቤት ገቡ። ወይዘሮ ገበያነሽም የልጅ ልጃቸውን ፋሲካን አዝለው መጡ። ፋሲካ ሁለት ዓመት አልሞላትም፤ እናቷ ሥራ ስለምትውል ያደገችው አያቷ ጀርባ ላይ ነው። ውጭ ዝናብ ነው፣ መብራትም ጠፍቷል። ልጅቱን ምንጣፉ ላይ ከሰልሳቢል ጋር እንድትጫወት አወረዷትና ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«እስቲ ንገሪን ልጄ፣ እንዴት አድርገው አከሟት?»

«ብሽሽቷ ላይ ባለው ደም ሥር ቀጭን ቱቦ ያስገባሉ» አለች ሃፊዛ። «ቱቦው ወደ ላይ እየሄደ ዓይኗን የሚመግበው ደም ሥር ጋ ሲደርስ መድኃኒቱን እዚያ ይለቁታል። ሦስት ጊዜ ሠሩላት። ወደ ሌላው ሰውነቷ ብዙም ስለማይሄድ ፀጉሯ አልረገፈም። አልሐምዱሊላህ፣ ዕጢው ሟሽሿል።»

«ከብሽሽት!» ወይዘሮ ገበያነሽ ሴቶቹን በየተራ ተመለከቱ። «እኔም ጥርሴን ያመመኝ ቀን ተረከዜን ነዋ የማሳየው?»

ሴቶቹ ሳቃቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ። ሃፊዛ አልሳቀችም።

«ለመሆኑ በሽታው እንዳለባት በምን አወቅሽ?»

«በፎቶ ነው። አባቷ ኑሕ ማታ ከሥራ ሲገባ በስልኩ አነሳት። ፍላሹ ሲበራ አንዱ ዓይኗ እንደ ድመት ዓይን ነጭ ሆኖ አበራ። ሐኪሙ ፎቶውን ሲያይ ነው ደንግጦ ያጣደፈን። ትንሽ ብንቆይ ኖሮ…» ሃፊዛ ቃሉን መጨረስ አቃታት።

ወይዘሮ ገበያነሽ ግን ቀና አሉ። ሕንድ ድረስ የተሄደበት ምርመራ በእጃቸው ባለው ስልክ የሚሠራ ሆኖ ተገኝቷላ!

«እንግዲያውስ እኛም እናንሳት» አሉ።

«እማማ፣ እባክዎ ይተዋት። አራት ወር ሙሉ ዓይኗ ላይ ሲያበሩባት ነው የከረመችው።»

«ከእውነት የሚሸሽ ሰው ነው ፎቶ የሚፈራው።»

ሁለቱ ልጆች ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው አንድ አሻንጉሊት ይጎትታሉ። ወይዘሮ ገበያነሽ ስልካቸውን ደቅነው «ሰልሳቢል!» ብለው ሲጣሩ ሁለቱም ቀና አሉ። ፍላሹ በራ።

ወይዘሮ ገበያነሽ የሰልሳቢል ዓይን ብቻ እስኪታይ ፎቶውን በጣታቸው አስፍተው፣ አቅርበው አዩት።

«ይኸው! ነጭ የታለ? እዩ፣ የሰልሳቢልን ዓይን እዩ!»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ወርቅአፈራሁ እይ የተባለችውን ዓይን አየችና ራሷን ነቀነቀች። ሌሎቹም አይተው ነቀነቁ። በመጨረሻ ስልኩ ሃፊዛ ጋ ደረሰ።

ሃፊዛ ሁለቱም ልጆች እስኪታዩ ፎቶውን መልሳ አሳነሰችና ብዙ ቆየችበት። እንባዋ ወረደ።

ድል ያደረገ ሰው ደግ ይሆናልና፣ ወይዘሮ ገበያነሽ ድምፃቸውን አለዘቡ። «አይዞሽ ልጄ፣ እዚህ ያለነው የራስሽ ሰዎች ነን። አሁን እውነቱን ተናገሪ።»

ሃፊዛ ተነስታ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች። የራሷን ልጅ አልፋ ፋሲካን ብድግ አድርጋ አቀፈቻት።

«እማማ፣ እናቷ ጋ አሁኑኑ ይደውሉ» አለች። «ነጩ ያለው የፋሲካ ዓይን ላይ ነው።»